የአምስት ዓመት ምሕረተ ግብር

በሰሜናዊው ካንሳስ፣ በስሚዝ አውራጃ፣ ሊባኖስ ከምትባለው ትንሽ መንደር ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ብሎ፣ ከድንጋይ የተገነባ አጭር ሐውልት ቆሟል፤ በላዩም የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ በሜዳው ነፋስ ይውለበለባል። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1941 የተተከለበት ምክንያት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ አላስካና ሃዋይ ሳይጨመሩ የነበሩት 48ቱ ግዛቶች በአንድነት ሲለኩ የምድራቸው እምብርት በዚያ አካባቢ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ከአጠገቡ ጥቂት ሰዎች ብቻ የምትይዝ ነጭ ጸሎት ቤት አለች። መንገደኛ ከዚያ ቆሞ ዓይኑን ወደ አራቱ ማዕዘን ቢልክ ስንዴና ማሽላ፣ የግጦሽ ሣር፣ በቀጥታ የተሰመሩ የጠጠር መንገዶች፣ አልፎ አልፎም ከሩቅ የሚታይ የእህል ጎተራ እንጂ ብዙ ሰው አያይም። በ2020 በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ የሊባኖስ ነዋሪዎች 178 ነበሩ። ይህን ያህል ሀብትና ኃይል የተከማቸባት ሀገር፣ በመካከለኛው ነጥቧ ላይ ይህን ያህል ሰው ማጣቷን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው፣ ከዚህ በታች የሚነገረውን ሕግ ትርጉም በቀላሉ አይረዳውም።

ጉዳዩ የአንዲት መንደር ብቻ አይደለም። ከስሚዝ ጋር የሚዋሰነው የጁወል አውራጃ በ1900 ዓመት 19,420 ሰዎች ነበሩት፤ በ2020 የቀሩት 2,932 ናቸው። ስሚዝ ራሱ በ1900 ከነበሩት 16,384 ሰዎች ወደ 3,570 ወርዷል። እንዲህ ያለ ቍጥር በታሪክ መጻሕፍት ሲነበብ ወረርሽኝ ወይም ጦርነት ያለፈበትን ምድር ያስታውሳል፤ በካንሳስ ሜዳ ግን ጠላት አልዘመተም፣ መቅሠፍትም አልወረደም፤ ልጆች ተወልደው፣ አድገው፣ ተምረው፣ ተመርቀው፣ በሰላም ተሰናብተው ሄዱ እንጂ።

ይህን ሜዳ በሰው የሞላው ራሱ መንግሥት ነበር። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1862 ባጸደቁት የሆምስቴድ ሕግ መሠረት፣ ማንም የቤተሰብ አለቃ ወይም 21 ዓመት የሞላው ሰው ጥቂት የመዝገብ ክፍያ ከፍሎ 160 ኤከር፣ ማለትም ወደ 65 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይመራ ነበር፤ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ፣ አምስት ዓመት ተቀምጦ ከተገኘም መሬቱ የራሱ ይሆን ነበር። ምድሪቱ ግን ባዶ እንዳልነበረች፣ የቀድሞዎቹ ባለቤቶቿ የካንሳና የፖኒ፣ የሻየንና የሌሎችም ነገዶች ሰዎች ተገፍተው እንደ ወጡ ሳይናገሩ ማለፍ ፍርድ ማጓደል ነው። ከጀርመን፣ ከስዊድን፣ ከቦሄሚያ፣ ከሩስያ፣ ከአሜሪካም ምሥራቃዊ ግዛቶች የመጡት ሰፋሪዎች እያንዳንዳቸው በዚያች 65 ሄክታር ላይ አንድ ቤት ስላቆሙ፣ ሜዳው በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ በቤት፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ተሞላ።

ያን ሁሉ ሕዝብ የበተነው አንድ ምክንያት አይደለም። ትራክተርና ማጨጃ ሲመጡ አሥር ሰው ይሠራው የነበረውን አንድ ሰው ስለ ቻለ፣ ጎረቤት የጎረቤቱን እርሻ እየገዛ ይዞታውን አሰፋ፤ ዛሬ የአንድ የካንሳስ እርሻ አማካይ ስፋት 800 ኤከር ገደማ ደርሷል፤ ይህም የአምስት አባወራ ድርሻ በአንድ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። በ1930ዎቹ ድርቁና አቧራው፣ በ1980ዎቹም የገበሬዎች የዕዳ መከራ በየተራቸው ብዙዎችን አሰደዱ። ገበሬው ሲያንስ ሱቁ ተዘጋ፤ ሱቁ ሲዘጋ ባንኩ፣ ከባንኩም በኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የሁለት መንደር ልጆች በአንድ አውቶቡስ ተጭነው ወደ ሦስተኛ መንደር ሄደው መማር ከጀመሩ በኋላ፣ ወጣት ባልና ሚስት በዚያ ለመኖር የሚያበቃቸው ምክንያት ይመነምናል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአይዋ ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማ ተቀምጠው የወጣቶችን ኑሮ ያጠኑት ፓትሪክ ካር እና ማሪያ ከፋላስ የተባሉ የማኅበራዊ ጥናት ሊቃውንት፣ በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የገጠሩን ልጅ ወደ ውጭ የሚገፋው ገጠሩ ራሱ ነው። መምህራንና ወላጆች ብሩህ አእምሮ ያለውን ልጅ ለይተው ያበረታቱታል፣ ያስጠኑታል፣ ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁታል፣ መርቀውም ይሸኙታል፤ በዚያው የሚቀረውን ልጅ ግን እምብዛም አይመለከቱትም። ይህን ስናነብ የምናፍረው በሩቅ አገር ሰዎች ብቻ አይደለም፤ «ልጄ ተምሮ ሰው ይሁንልኝ» ብሎ ልጁን ወደ ከተማ የላከ የእኛም አገር ገበሬ፣ ሰው መሆንን ከመሄድ ጋር አንድ አድርጎ አስተምሯል።

ሰው አልባ የሆነውን ሜዳ እንደ ገና በሕግ ኃይል ለመሙላት የታሰበው በካንሳስ ብቻ አልነበረም። የሰሜን ዳኮታው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ባይረን ዶርጋን፣ በዚህ ምዕት ዓመት መባቻ «አዲሱ የሆምስቴድ ሕግ» የተባለ ረቂቅ ለፌዴራሉ ምክር ቤት አቅርበው ነበር፤ ሕዝባቸው እየቀነሰ በሄደ አውራጃዎች ገብቶ አምስት ዓመት ለሚሠራ ሰው ከትምህርት ብድሩ ከፊሉ እንዲሰረዝለት የሚያዝዝ ቢሆንም ሳይጸድቅ ቀረ። ካንሳስ ግን በ2011፣ ሳም ብራውንባክ አገረ ገዥ በሆኑበት በመጀመሪያው ዓመት፣ «የገጠር ዕድል ቀጣና» የሚባለውን ሕግ አወጣች፤ ሕጉም ከሐምሌ ወር መጀመሪያ ቀን አንሥቶ በ50 አውራጃዎች ተፈጻሚ ሆነ።

ሕጉ ሁለት ክንፍ አለው። በመጀመሪያው ክንፍ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት በተከታታይ ከካንሳስ ውጭ የኖረ፣ በእነዚያም ዓመታት በእያንዳንዳቸው ከካንሳስ ያገኘው ገቢ ከ10,000 ዶላር በታች የነበረ ሰው፣ ከተመደቡት አውራጃዎች በአንዱ ቤቱን ቢያደርግ፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ለግዛቲቱ የሚከፍለው የገቢ ግብር በሙሉ ይማርለታል። በሁለተኛው ክንፍ፣ የኮሌጅ ምሩቅ የሆነ ሰው ወደ እነዚህ አውራጃዎች ገብቶ ቢኖር፣ ከትምህርት ብድሩ በዓመት እስከ 3,000፣ በአምስት ዓመት እስከ 15,000 ዶላር ይከፈልለታል፤ ክፍያውንም ግዛቲቱና አውራጃው እኩል ይካፈላሉ፤ በአውራጃው ፋንታ አሠሪው የሚከፍልበትም ጊዜ አለ። የቀድሞው ሕግ ለአምስት ዓመት ኑሮ መሬት ሰጠ፤ የኋለኛው ደግሞ ለአምስት ዓመት ኑሮ ግብር ማረ። መንግሥት በ150 ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሜዳ ሁለት ጊዜ ሰው መጥራቱ፣ በሁለተኛውም ጥሪ የሚያድለው መሬት አጥቶ ከገዛ ግምጃ ቤቱ ማንሣቱ፣ ነገሩን ለሚያስተውል ሰው ብዙ ይናገራል።

ይህ ምሕረተ ግብር በተግባር ምን ያህል ይመዝናል? አንድ ያላገባ መምህር በዓመት 40,000 ዶላር ደመወዝ ይዞ ወደ ጁወል ተመለሰ እንበል። ሕጉ በወጣበት ዓመት በነበረው የግብር ልክ፣ ማለትም ከ3.5 እስከ 6.45 በመቶ በሚደርሰው፣ ሕጋዊው ተቀናሽ ከወጣለት በኋላ ለግዛቲቱ የሚከፍለው ወደ 1,750 ዶላር ገደማ ይሆናል። መምህሩ የግዛቲቱን የገቢ ግብር መግለጫ ሞልቶ፣ ኬ-89 የተባለውን ተጨማሪ ቅጽ አያይዞ ሲያቀርብ ይህ ዕዳ ዜሮ ይሆንለታል፤ ነገር ግን ዕዳው ተሰረዘለት እንጂ ከዚያ በላይ በእጁ የሚሰጠው ገንዘብ የለም። የፌዴራሉ መንግሥት ግብር አይነካም፤ የቤት ግብሩም፣ ዕቃ ሲገዛ የሚከፍለው የሽያጭ ታክስም እንዳለ ይቀራል፤ ይህም የሽያጭ ታክስ በምግብ ላይ ሳይቀር ለዓመታት 6.5 በመቶ ነበር። 1,750 ዶላር ለጀማሪ መምህር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ሆኖም በዴንቨር ወይም በካንሳስ ሲቲ የሚያገኘውን ከፍ ያለ ደመወዝ ጥሎ እንዲመጣ የሚያደርገው አይመስለኝም። ብዙ የሚያተርፈው ብዙ የሚያገኘው ሰው፣ ማለትም ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና ነጋዴው ነው። ብድር ያለበት ወጣት ግን ሁለተኛውን ክንፍ ይመርጣል፤ በብዙ አውራጃዎችም የብድር ክፍያው ከግብሩ ምሕረት ይበልጥ ተፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

የካንሳስ ምክር ቤት ራሱ የጸጋውን ዋጋ በሁለት መንገድ አቀለለው። ሕጉ በወጣ በዓመቱ፣ በ2012፣ ብራውንባክ ለመላው ግዛት የገቢ ግብርን የሚቀንስ ሌላ ሰፊ ሕግ ስላጸደቁ፣ ግብሩ ለሁሉ ሰው በቀነሰ መጠን የተመላሹ ልዩ ምሕረት ትርፉ አነሰ። ያ የግብር ቅነሳ የግዛቲቱን ግምጃ ቤት አራቍቶ፣ የትምህርትና የመንገድ በጀት ካጎደለ በኋላ፣ በ2017 ምክር ቤቱ የአገረ ገዥውን ተቃውሞ ሽሮ ሻረው፤ ትምህርት ቤቱ በገንዘብ እጥረት ሲጨነቅ እያየ ልጆቹን ይዞ ወደ ገጠር የሚመለስ ወላጅ ማን እንደሚሆን አላውቅም። ሁለተኛም፣ 50 የነበሩት አውራጃዎች 73፣ ከዚያ 77፣ በ2021ም 95 ሆኑ። ካንሳስ በጠቅላላው ያላት 105 አውራጃ ነው። ከሞላ ጎደል ለሁሉ የሚሰጥ ልዩ መብት፣ ለጁወል ተብሎ የተጀመረውን ጥሪ ከጁወል ያርቀዋል።

ከዚህ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የአምስት ዓመቱ ደንብ ነው። በወንጌል የተጻፈውን የጠፋውን ልጅ ታሪክ የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ታናሹ ሲመለስ ፍሪዳ እንደ ታረደ፣ ታላቁም ከእርሻ ሲገባ የዘፈኑን ድምፅ ሰምቶ ከደጅ እንደ ቆመ፣ አባቱም ወጥቶ እንደ ለመነው እናስታውሳለን። በካንሳስ ሕግ ታላቁ ወንድም ዛሬም ከደጅ እንደ ቆመ ነው። በአያቱ እርሻ ላይ የቀረው፣ አባቱን ያስታመመው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤና በበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጓድ ውስጥ የሚያገለግለው፣ በትምህርት ቤቱ ቦርድ ከሥራ በኋላ የሚሰበሰበው ሰው ግብሩን በሙሉ ይከፍላል፤ ለዓመታት ርቆ ኖሮ ከአጠገቡ ቤት የገዛው እኅቱ ወይም ጎረቤቱ ግን አይከፍልም። ከዚህም አልፎ፣ በግዛቲቱ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ማንሃተን ሄዶ ተምሮ፣ በዊቺታ ሦስት ዓመት ሠርቶ ወደ ስሚዝ የተመለሰው ልጅ፣ ከካንሳስ ስላልወጣ ከምሕረቱ ድርሻ የለውም። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ ሊመጣ የተሰናዳውን ሰው ለሚመጣበት ነገር መክፈል ገንዘብ ማባከን እንዳይሆን በመፍራት ነው። ሆኖም ፍራቻቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ፍሪዳውን ያረደው አባት ወጥቶ ታላቁን ልጅ ያነጋገረበት ያ ሁለተኛው ጉዞ ከሕጉ ጎድሏል፤ የጎደለውም ከሁሉ የሚያስፈልገው ነበር።

ሰው በእውነት የሚመለሰው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በሚገባ የጠየቁት የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የምጣኔ ሀብት ጥናት ክፍል ባልደረባ ጆን ክሮማርቲ እና የሞንታናዋ የመልክዐ ምድር ምሁር ክርስቲያነ ፎን ራይኸርት ከባልደረባቸው ጋር ናቸው። ጥበባቸው ሰዎቹን በመረጡበት ቦታ ላይ ነው። አሜሪካውያን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጨረሱ በ10ኛው፣ በ20ኛው፣ በ30ኛው ዓመት በክረምት ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመልሰው ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር የሚገናኙበት ልማድ አላቸው፤ በዚያ ቀን የሄደውና የቀረው፣ ተመልሶ የመጣውም በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ። ተመራማሪዎቹ በ2008 እና በ2009 በ21 የገጠር ማኅበረሰቦች በተደረጉ እንዲህ ባሉ ግብዣዎች ተገኝተው 300 ያህል ቃለ መጠይቅ አደረጉ፤ ውጤቱንም በ2015 አሳተሙ።

የተመለሱት ሰዎች ምክንያት ብለው የሰጡት በአብዛኛው ቤተሰብ ነበር። ልጆቻቸው አያቶቻቸውን እያዩ እንዲያድጉ ፈለጉ፤ ያረጁ ወላጆቻቸውን ለመጦር ተመለሱ፤ ወይም የቤተሰቡን እርሻና ሱቅ ሊረከቡ መጡ። በመንገዳቸው የቆመው ትልቁ እንቅፋት የሥራ እጦትና የደመወዝ ማነስ ነበር፤ ብዙዎችም ይህን እንቅፋት ያለፉት ሥራውን ራሳቸው በመፍጠር ወይም የሙያቸውን ከፍታ በመተው ነው። የባልና የሚስት ነገርም አለበት፤ አንደኛው ወገን የዚያ መንደር ተወላጅ ባይሆን፣ የሁለቱም ልብ ወደ አንድ ሜዳ እስኪያዘነብል ብዙ ዓመት ይወስዳል። የሚመለሱትም በ22 ዓመታቸው ሳይሆን የመጀመሪያው ልጃቸው ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል፣ በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ነው። በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ቤን ዊንቸስተር የሕዝብ ቆጠራውን መዝገብ ሲመረምር ያገኘውም ከዚህ ይስማማል፤ 18 ዓመት የሞላቸው ከገጠሩ ቢወጡም፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉት በብዙ የገጠር አውራጃዎች ውስጥ ይጨምራሉ።

ከዚህ የምንማረው ገንዘብ ዋጋ የለውም ማለትን አይደለም። ልቡ የተመለሰ፣ እግሩ ግን በዕዳ የታሰረ ሰው አለ። ሜይን የተባለችው ሰሜን ምሥራቃዊ ግዛት ይህን ቀድማ አስተውላ፣ ከ2008 ጀምሮ በግዛቷ እየኖረ ለሚሠራ ምሩቅ የትምህርት ብድሩን ክፍያ ከገቢ ግብሩ ላይ ታቀናንስለት ጀመር፤ ሕጉ በመጀመሪያ በሜይን ለተማሩ ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን ከየትም ለተመረቀ ሰው ተፈቀደ። በ2022 በተተካው አዲስ ሥርዓትም በዓመት እስከ 2,500፣ በዕድሜ ዘመን እስከ 25,000 ዶላር ይደርሳል፤ የግብር ዕዳው ከዚህ ቢያንስ እንኳ ልዩነቱ በእጅ ይመለሳል። የሜይን መንገድ ከካንሳስ የግብር ምሕረት የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተመላሹንም ያልሄደውንም በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል፤ ከባለጸጋውም ይልቅ ባለ ዕዳውን ይረዳል።

የካንሳስ ሕግ «ተመለሱ» ተብሎ ይሰበክ እንጂ የትውልድን ስፍራ አይጠይቅም፤ አምስት ዓመት በቨርጂኒያ ወይም በሚኔሶታ የኖረ ኢትዮጵያዊም ቢሆን ጁወል ገብቶ ቢኖር ምሕረቱ ይደርሰዋል። እኔ ግን ወገኖቻችን በዚህ ምክንያት ወደዚያ ሲጎርፉ አልሰማሁም፤ ምክንያቱም ስደተኛ የሚሄደው ሥራና ወገን ወዳለበት ነው። በዚያው በካንሳስ ደቡብ ምዕራብ፣ በ1980 መጨረሻ ሆልኮም በተባለች መንደር አጠገብ ታላቅ የሥጋ ማቀነባበሪያ ከተከፈተ በኋላ፣ ጋርደን ሲቲ በቬትናሞች፣ በሜክሲኮዎች፣ በበርማና በሶማሊያ ሰዎች ተሞላች፤ እነዚህን ሁሉ የጠራቸው ግብር የሚምር አዋጅ አይደለም። የሄደን ሰው በሕግ መጥራት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የእኛም መንግሥት በ2002 (በእኛ አቆጣጠር በ1994 ዓመተ ምሕረት)፣ የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270 ልዩ ልዩ መብት ሰጥቶ፣ ሰዉ «ቢጫ ካርድ» የሚለውን መታወቂያ አድሏል። በጥንቱ የርስት ሥርዓትማ ርቆ የኖረ ሰው ተመልሶ ከአባቱ ምድር ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር፤ በካንሳስ ሜዳ መሬቱ ተሽጦ ጎረቤት ስለ ጠቀለለው፣ ተመላሹ የአያቱን እርሻ ከአጥር ውጭ ሆኖ ያየዋል።

በግሬሃም አውራጃ የምትገኘውን ኒቆዲሞስን የጠቀስኩ እንደ ሆነ የሐሳቤ መጨረሻ ይገለጣል። በ1877፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ከኬንታኪ ተነሥተው የመሠረቷት መንደር ናት። በ1878 የደረሰች ዊሊያና ሂክማን የተባለች ሴት፣ መንደሩ የታለ ብላ ስትጠይቅ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ አሳዩአት፤ ሰዎቹ እንጨት ስለሌለ በቁፋሮ ጉድጓድ ውስጥ ይኖሩ ነበርና፣ አለቀሰች። ሆኖም ሰፋሪዎቹ በጽናት ኖረው ቤተ ክርስቲያን፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት ሠሩ። በ1888 የባቡር ሐዲዱ መንደራቸውን ትቶ ከሰሎሞን ወንዝ ማዶ ሲያልፍ፣ ነጋዴዎቹ ሱቆቻቸውን እየነቀሉ ወደ ሐዲዱ ዳር ወሰዱ። ዛሬ ነዋሪዎቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሆኖም ከ1996 ጀምሮ በብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራነት ትጠበቃለች። በየዓመቱም በሐምሌ መጨረሻ የነፃነት መታሰቢያ በዓል ሲደርስ፣ የመሥራቾቹ ልጅ ልጆች ከካሊፎርኒያ፣ ከኮሎራዶና ከየከተማው ይሰበሰባሉ፤ በሰልፍ ይሄዳሉ፣ ይዘምራሉ፣ በአንድ ማዕድ ይበላሉ፣ ለልጆቻቸውም የመቃብሮቹን ስም ያነባሉ። ለዚህ መምጣታቸው ማንም ግብር አልማረላቸውም። ግሬሃም ግን ከመጀመሪያዎቹ 50 አውራጃዎች አንዱ በመሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ «በዚሁ ልቅር» ቢል ሕጉ ይረዳው ዘንድ ተዘጋጅቷል።

ሕግ አውጪዎች ቢጠይቁኝ የምመክራቸው ይህን ነው፤ ከግብሩ ምሕረት የሚባክነውን ገንዘብ ወስደው የብድሩን ክፍያ ለቀረውም ለተመለሰውም አንድ ያድርጉት፤ የቀረውንም ለሕፃናት መዋያና ለቤት መሥሪያ ያውሉት፤ ምክንያቱም በነዚያ መንደሮች አዲስ ቤት ለመሥራት የሚወጣው ዋጋ ቤቱ ሲሸጥ ከሚያወጣው ስለሚበልጥ፣ ሊመለስ የቈረጠ ሰው እንኳ ማረፊያ ያጣል። ምክር ቤቱ የሕጉን ዘመን ደጋግሞ ሲያራዝም እንጂ ይህን ሲያስብ አልታየም። አውራጃዎቹ ግን አሁንም ለብድሩ ከራሳቸው በጀት ምን ያህል እንደሚመድቡ የሚወስኑት በራሳቸው ሸንጎ ስለሆነ፣ ጥያቄው ያለው ከዋና ከተማዪቱ ከቶፒካ ይልቅ በስሚዝና በጁወል፣ በግሬሃምም፣ የመንገዱንና የድልድዩን ወጪ በሚያሰሉ ጥቂት ኮሚሽነሮች እጅ ነው።